የጀማ ገደል ነጭ ድንጋይ ለኢንዳክሽን ምድጃ ላይኒንግ ይሆናል? የተከመረው ስላግስ?

የበሬሳ ልጅ
ጤና ይስጥልኝ። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ደብረ ብርሃን ላይ 3 ቶን የሚይዝ ኢንዳክሽን ምድጃ (ዙሪያውን በጠመጠመው የመዳብ ቱቦ፣ በኮይሉ፣ ኤሌክትሪክ አልፎ የሚያቀልጥ) አለ፤ የቁራሌ ብረት አቅልጦ ለፌሮ የሚሆን ቢሌት (የብረት ግንድ) ያወጣል። የውስጥ ስፋቱ 70 ሳ.ሜ፣ ግድግዳው 10 ሳ.ሜ ነው፤ ማቅለጫው እስከ 1,620 ዲግሪ ይደርሳል። ላይኒንጉ፣ ማለትም የምድጃው የውስጥ ግድግዳ፣ ከውጭ የሚገባ ሲሊካ ራሚንግ ማስ (በደረቁ የሚጠቀጠቅ የኳርትዝ ጠጠርና ዱቄት) ስለሆነ ኤል.ሲ. (የባንክ የማስመጫ ፈቃድ) በዘገየ ቁጥር ሥራው ይቆማል። ከለሚ ወደ ዓለም ከተማ ሲወረድ ገደሉ ላይ የሚታየው ነጭ የአሸዋ ድንጋይ ተፈጭቶ ሊተካው ይችላል ወይ? ሁለተኛው፣ ግቢ የሞላውን ስላግ (ከቀለጠው ብረት ላይ የሚጠረገውን ዝቃጭ) ለሲሚንቶ፣ ለብሎኬት፣ ለአሲዳማ መሬት ማከሚያ እንገዛለን የሚሉ ደላሎች አሉ። የምታውቁ በቁጥር ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

ኮይል ጠባቂ
ከድንጋዩ በፊት የላብራቶሪ ወረቀቱ ይምጣ። እንዲህ ላለ ሥራ ሲሊካው ከ98.5 በመቶ በላይ፣ አልሙናው (የአሉሚኒየም ኦክሳይዱ) ከ1 በታች፣ የብረት ኦክሳይዱ ከ0.3 በታች፣ ሶዲየምና ፖታሲየም ኦክሳይድ ተደምረው ከ0.2 በታች ቢሆኑ ነው የሚመረጠው። ሰው 98ቱን አይቶ ይደሰታል፤ ምድጃ የሚያፈርሰው ግን የቀረው 2 በመቶ ነው። ንጹሕ ሲሊካ የሚቀልጠው ከ1,700 ዲግሪ በላይ ነው። አልሙና ሲገባበት 1,590 አካባቢ ፈሳሽ መታየት ይጀምራል፤ የአልሙናው ድርሻ 5.5 በመቶ ሲሞላ በዚያው ሙቀት ሁሉም ይፈሳል። አንተ ደግሞ የምትሠራው ከዚያ በላይ፣ 1,620 ላይ ነው።

ከጥራቱ ቀጥሎ የጠጠሩ ስብጥር ይመጣል። ከ5 ሚ.ሜ ጀምሮ እስከ ዱቄት ድረስ መሆን አለበት፤ ከ1 ሚ.ሜ በላይ የሆነው ሲሦ ወይም ትንሽ ከፍ ያለ፣ ከ1 እስከ 0.1 ያለው ሲሦ፣ ከ0.1 በታች የሆነው ዱቄት 30 በመቶ ግድም። ዱቄቱ ሲያንስ በጠጠሮቹ መሀል ክፍተት ይቀርና ብረት ይጠጣል። ሲበዛ ደግሞ አየሩ አይወጣም፤ ሲሞቅም ይሸበሸባል፣ ይሰነጠቃል። በደንብ የተጠቀጠቀ ማስ በሊትር ከ2.1 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከዚያ ካነሰ የድንጋዩ ጥራት ብቻውን አያድንህም።

ሞረትና ጅሩ
ስለ ገደሉ ልጨምር። ከላይ ያለው ጥቁር ድንጋይ ባዛልት ነው። ከሥሩ የላይኛው የአሸዋ ድንጋይ፣ ከዚያ የኖራ ድንጋይ፣ ከዚያ ጂፕሰምና ጭቃ ድንጋይ፣ ታች ወንዙ ዳር ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። ስለዚህ «የጀማ ነጭ ድንጋይ» ሲባል የትኛው ንብርብር ነው ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለቱም የአሸዋ ድንጋዮች ነጭ ቦታ አላቸው፤ ቀይና ቢጫ ቦታም አላቸው፣ እሱ ብረት ነው።

ችግሩ ከኬሚስትሪውም ይብሳል። የአሸዋ ድንጋይ ማለት በደለል ወይም በኖራ የተጣበቀ አሸዋ ነው። ክሬሸር ውስጥ ሲገባ ወደ አሸዋነቱ ይመለሳል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር የማይሞላ ድብልብል ቅንጣት ይሆናል። ኮይል ጠባቂ ያለው የ3 እና የ5 ሚ.ሜ ጠጠር ከእሱ አይወጣም፤ ቢወጣም በጣት የሚፈረፈር ነው። ድብልብል ቅንጣት ደግሞ ቢጠቀጠቅም እርስ በርሱ አይነካከስም። ማጣበቂያው ነጭ ሸክላ ከሆነ ሌላ ጣጣ አለው። ካኦሊን 39 በመቶ ግድም አልሙና ነው፤ ድንጋዩ ውስጥ 3 በመቶ ካኦሊን ቢኖር 1.2 በመቶ አልሙና ገባ ማለት ነው። በውኃ ታጥቦ ሸክላው ከወጣ ግን ለመካከለኛው መጠን፣ እንደገና በቦል ሚል (በብረት ኳስ በሚፈጭ ወፍጮ) ከተፈጨ ደግሞ ለዱቄቱ ይሆናል። ሻካራው ጠጠር ከጠጣር ኳርትዛይት ወይም ከኳርትዝ ጅማት መምጣት አለበት፤ ይህ ደግሞ ጥንታዊው አለት ወደሚወጣባቸው ወደ ወለጋ፣ ወደ ጉጂ ነው የሚገኘው እንጂ ሰሜን ሸዋ ደጋ ላይ አትልፋ።

ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ይተካል የሚለውን እርሳው። የኩንታሉን ግማሽ መሸፈን ግን ይችላል፤ እሱም ቢሆን ቀላል ዶላር አይደለም።

ሽፍት ቢ
ሁሉም ሰው ድንጋዩን ይመረምራል። የቁራሌውን ዝገት ማን ይመርምር?

ኮይል ጠባቂ
ሽፍት ቢ ልክ ነው፤ እኔም ወደዚያው ልመጣ ነበር። እንዲያውም ላይኒንግ ቶሎ አለቀ ሲባል መጀመሪያ የሚታየው ሜዳ ላይ የተከመረው ቁርጥራጭ ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። 1 ቶን ቁርጥራጭ 3 በመቶ ዝገት ቢኖረው 30 ኪሎ ነው። ምድጃ ውስጥ ኦክስጅኑ ሲቀንስ ወደ 27 ኪሎ ፌረስ ኦክሳይድ ይቀየራል። ፌረስ ኦክሳይድ ሲሊካ ካገኘ ፋያላይት የሚባለውን ይሠራል፤ የሚቀልጠው 1,205 ዲግሪ ላይ ነው፣ ማለትም በአንተ ሙቀት እንደ ውኃ ይፈሳል። 27 ኪሎው እስኪጠግብ 11 ኪሎ ሲሊካ ይበላል። ምድጃው 3 ቶን ነውና በአንድ ሂት (በአንድ ዙር ማቅለጥ) 33 ኪሎ ሲሊካ የሚፈልግ አፍ ከፍተህ ገባህ ማለት ነው። ከቁርጥራጩ ጋር የገባው አፈርና አሸዋ የተወሰነውን ይሸፍናል፤ በብረቱ ውስጥ ያለው ሲሊከንና ማንጋኒዝም የተወሰነውን መልሶ ብረት ያደርገዋል። የቀረው ከግድግዳው ይነሳል። በብዛት የሚበላውም ስላጉ የሚቀመጥበት መስመር ላይ ነው፤ ላይኒንጉን ሲያፈርሱት ከላይ ወደ 20 ሳ.ሜ ወረድ ብሎ ዙሪያውን እንደ ቀበቶ የጎደጎደው እሱ ነው።

ስለዚህ፦ ዝገቱ የበዛው ከመግባቱ በፊት ይራገፍ። በጣም ቀጭኑን ላሜራ ለመጨረሻ አታስቀምጥ፣ የላይ የላዩን ይቃጠላል። ፌሮሲሊከንና ፌሮማንጋኒዝ ስላጉ ከወጣ በኋላ እንጂ ዝገት እየፈላ ሳለ አይጣልም፤ አለዚያ ውድ ዕቃህ ስላግ ሆኖ ይቀራል። ስላጉ ሲቀጥን ፐርላይት (ሲሞቅ የሚያብጥ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ) አንድ ሁለት አካፋ በትኖ አወፍሮ መጎተት ነው፤ ኖራ ጨምሮ ለማጥራት መሞከር ግን በሲሊካ ላይኒንግ ላይ ራስን መግደል ነው። ኖራው ሰልፈርና ፎስፈረስ ከማውጣቱ በፊት ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። በአሲዳማ፣ ማለትም በሲሊካ፣ ላይኒንግ ፎስፈረስ አይወጣም፤ ከምንጩ መለየት ብቻ ነው ያለው።

ሚል ስኬልንም (ቢሌቱ ሲዳመጥ የሚረግፈውን ጥቁር ቅርፊት) «70 በመቶ ብረት ነው፣ አይጣልም» ብለው መልሰው ምድጃ ውስጥ የሚደፉ አሉ። እሱም ዝገት ነው፤ ከላይ ያለው ሒሳብ ይሠራበታል።

የበሬሳ ልጅ
እንዲህ ከሆነ ለምን ማግኒዥያ (የማግኒዥየም ኦክሳይድ) አይደረግም? ዝገትንም ኖራንም ይችላል ይባላል።

ኮይል ጠባቂ
ይችላል። የሚቀልጠውም ከ2,800 ዲግሪ በላይ ነው፤ ዝገት ቢገባበትም በሙቀትህ ልክ ፈሳሽ አይሆንም። ግን ሲሞቅ ከሲሊካ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ቀን ሠርቶ ማታ ለሚያጠፋ ምድጃ፣ ይባስ ብሎ መብራት ለሚሄድበት፣ አይመችም። ሌላው ጠላቱ እርጥበት ነው። ክረምት ላይ ከረጢቱ ተቀዶ ቢቀመጥ ውኃ ጠጥቶ ሃይድሮክሳይድ ይሆናል፣ ያብጣል፣ ያ ማስ ወደ ምድጃ አይመለስም። መሀለኛው አልሙናና ማግኒዥያ ተቀላቅለው በሙቀት ስፒኔል የሚባል ጠንካራ ውህድ የሚሠሩበት ማስ ነው። ለስቲል ምድጃ ጥሩ ነው፤ ዋጋው ግን ከሲሊካው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አገር ውስጥ ይተካ የተባለውንም ጥያቄ ጭራሽ ይዘጋዋል።

በዓለም ትልልቅ ኮንቨርተሮች (በቀለጠ ብረት ላይ ኦክስጅን እየነፉ ስቲል የሚሠሩ ምድጃዎች) በማግኒዥያ ካርቦን ጡብ ሺህ ሂቶች ይሄዳሉ ሲባል የሚቀና ሰው አለ። እነሱ ስላጉን ራሱ ኖራና ማግኒዥያ አጥግበው፣ በናይትሮጅን እየረጩ ግድግዳው ላይ ስለሚለጥፉት ነው። የእኛ ሌላ ሥራ ነው።

ካስተብል
አጠቃጠቁን አንድ ሰው በደንብ ይጻፍልን። ግማሹ ችግር እዚያ ነው ያለው።

ኮይል ጠባቂ
እሺ። ለዚህ ምድጃ የሚገባው ማስ፦ ግድግዳው፣ ወደ 20 ሳ.ሜ የሚጠጋው ወለልና የላዩ ተጨማሪ ሲደመር ግማሽ ሜትር ኩብ የማይሞላ ነው፤ በ2.15 ሲባዛ 10 ኩንታል ግድም። 11 ኩንታል ይዘህ ጀምር።

ኮይሉ ላይ ያለው ግራውት (ልስኑ) ይታይ፤ ስንጥቁ ይደፈን፣ ፈጽሞ ይድረቅ። ከዚያ ሚካው ወይም የሴራሚክ ፋይበሩ ወረቀት ተደራርቦ ይለጠፍ፤ መደራረቡ 5 ሳ.ሜ ያህል ይሁን። የግራውንድ ሊኬጅ ሽቦው (ብረት ወደ ኮይሉ ሲሰርግ የሚያስጠነቅቀው መሣሪያ ሽቦ) ከወለሉ ወጥቶ የሚቀልጠውን ብረት መንካት አለበት። ሽቦውን በማስ ቀብሮ «ተገጥሟል» የሚል አለ፤ ያ ምድጃ ዓይን የለውም ማለት ነው።

ወለሉ በ8 እና በ10 ሳ.ሜ እየፈሰሰ መጀመሪያ በሹካ ይወጋል፣ አየሩ ይውጣ፤ ከዚያ በጠፍጣፋ መጠቅጠቂያ ወይም በቫይብሬተር ይመታል። የሚቀጥለው ከመፍሰሱ በፊት የመጀመሪያው ፊት 2 ሳ.ሜ ያህል ይፋቅ። ሳይፋቅ ካለፈ በሁለቱ መሀል ለስላሳ መለያ ይቀራል፣ ብረት ሲያገኘው እንደ ወረቀት ገብቶ ይዘረጋል። ወለሉ ከሚፈለገው በላይ ተሞልቶ የበዛው ተጠርጎ በውኃ ልክ ይስተካከላል።

ፎርመሩ (ማሱ ሲጠቀጠቅ የውስጡን ቅርጽ የሚይዘው በርሜል) ከ4 እስከ 6 ሚ.ሜ ላሜራ ነው። ብየዳው ከውጭ በኩል ይሞረድ፤ 3 ሚ.ሜ የማይበልጥ ቀዳዳ በየ15 ሳ.ሜው ይበሳ፣ እንፋሎት የሚወጣው በእሱ ነው። መሀል መሀሉን ይዞ መቆሙ በአራት አቅጣጫ ይለካ፣ ከውስጥ በከባድ ብረት ይጫን። አንድ ሳንቲ ሜትር ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ አንዱ ግድግዳ 9፣ ሌላው 11 ነው፤ የምድጃው ዕድሜ የ9ኙ ነው።

ግድግዳውም እንደ ወለሉ ነው። ከላይ የመጨረሻው 10 እስከ 15 ሳ.ሜ በሶዲየም ሲሊኬት የታሸ ቶፒንግ ይደረግበታል። ቶፒንጉ ሲደርቅ ብቻ መብራት ይሰጠዋል።

ማሱን ሲያፈሱ ቁራጭ ላስቲክ፣ የከረጢት ክር፣ ምስማር እንዳይገባ። ይህን ማለቱ ያሳፍራል፣ ግን አንዲት ምስማር ከኮይሉ ዘንድ ከቀረች የግራውንድ ሊኬጁ ጠቋሚ ያለ ምክንያት ይጮኻል፣ ሠራተኛው ይሰለቻል፣ በመጨረሻ ገመዱን ነቅሎ ይቀመጣል።

የበሬሳ ልጅ
ቦሪክ አሲድ ስንት? እዚህ 1.2 በመቶ ነው የሚደረገው።

ካስተብል
1.2 ለግራጫ ብረት ነው። ለ1,620 ይበዛል። ቦሪክ አሲድ ሲሞቅ 44 በመቶ የሚሆነው ክብደቱ ውኃ ሆኖ ይወጣል፤ 1 በመቶ ጨመርክ ማለት 0.56 ቦሮን ኦክሳይድ ቀረ ማለት ነው። ሥራው ከታች ሙቀት ላይ ቅንጣቶቹን ማያያዝ ነው፤ ሲበዛ ግን ያው ሲሊካውን ቀድሞ የሚያቀልጥ ነው። ከ0.7 እስከ 0.8 አድርግ፤ ለ10 ኩንታል 7 ወይም 8 ኪሎ።

ሽፍት ቢ
0.7 ላይ ግን ወለሉ ሳይያያዝ ይቀራል የሚሉ አሉ።

ካስተብል
አደባለቁ ነው እንጂ መጠኑ አይደለም። ቦሪክ አሲዱ ክረምት ላይ እየጓጎለ ነው የሚደባለቀው። ጓል ያለበት ቦታ ጉድጓድ ይሆናል፣ የሌለበት ሳይያያዝ ይቀራል። በ0.5 ሚ.ሜ ወንፊት ይነፋ፣ መጀመሪያ ከ20 ኪሎ የሲሊካ ዱቄት ጋር ይታሽ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ ማደባለቂያ ይግባ። ከአቅራቢው ተቀላቅሎ የመጣ ከሆነ ደግሞ ምንም አይጨመርበት፤ ከረጢቱ ላይ ያለውን ሳያነቡ እንደገና የሚጨምሩ ሞልተዋል።

ኮይል ጠባቂ
በዚህ እስማማለሁ። ሲንተሪንጉን (ማሱ በሙቀት በስሎ የሚያያዝበትን) ልጨርስ።

ሲሊካ ሲሞቅ ጠባዩ ይለዋወጣል። 573 ዲግሪ ላይ ኳርትዙ በድንገት ይለጠጣል፤ ከ870 ጀምሮ ወደ ትሪዲማይት፣ ከ1,470 በላይ ወደ ክሪስቶባላይት መሄድ ይጀምራል። ክብደቱ ሳይቀየር መጠኑ ከመቶ እጅ 14 ያህል ይጨምራል። ጥብቅ የሚያደርገውም ይኸው ነው፣ ግን ቀስ ካልተባለ የሚያፈርሰውም እሱ ነው። ስለዚህ እስከ 600 በሰዓት ከ80 እስከ 100 ዲግሪ፤ ከዚያ እስከ 1,100 በሰዓት ከ120 እስከ 150። ቀጥሎ እየቀለጠ ምድጃው እስከ አፉ ይሞላ፤ ከመደበኛው ሙቀት 30 እስከ 50 ዲግሪ ከፍ ብሎ፣ ለአንተ 1,650 እስከ 1,670፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይያዝ። ሁሉም 12 ሰዓትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። የመጀመሪያው ጭነት ወፍራም፣ ዝገት የሌለበት ይሁን። ዝገታም ቁርጥራጭ ከገባ ገና ያልበሰለው ግድግዳ ውስጥ ፋያላይት ይሰርጋል።

በትክክል የበሰለ ላይኒንግ ሲፈርስ ሦስት ንብርብር ይታያል፦ ከውስጥ የደነደነ፣ መሀል ላይ በግማሽ የተያያዘ፣ ኮይሉ ዘንድ አሁንም ዱቄት። ዱቄቱን የማይወድ ሰው አለ፤ «አልበሰለም» ይላል። ተሳስቷል። ስንጥቅ ከውስጥ ሲመጣ የሚቆመው ዱቄቱ ላይ ነው። እስከ ኮይሉ ከደነደነ ስንጥቁም እስከ ኮይሉ ይሄዳል፤ ፈሳሹ ብረት የመዳቡን ቱቦ ከበሳ ደግሞ ውኃው በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ የሚያደርገውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

መቼ ይፍረስ? ግድግዳው ሲሦውን ሲያጣ። የአንተ 70 ሳ.ሜ የነበረው 76 ወይም 77 ሲሆን ማለት ነው። በመለኪያ ሳይገባም ይታወቃል፦ ያው ምድጃ ወደ 20 በመቶ ይበልጥ ብረት መያዝ ይጀምራል፣ በዚያው ቮልቴጅም ኪሎዋቱ ከፍ ይላል። ምርት ጨመረ ብሎ የሚደሰት ኃላፊ ካለ ንገሩት።

ሽፍት ቢ
መብራት ሲሄድስ?

ኮይል ጠባቂ
ውኃ መቆም የለበትም። መብራቱ ቢጠፋም ብረቱ ሙቀቱን ወደ ኮይሉ መላኩን አያቆምም፤ ለብዙ ሰዓት። ከፍ ብሎ የተቀመጠ ታንከር ራሱ የሚከፈት ቫልቭ ያለው፣ ከእሱ ቀጥሎ ናፍታ ፓምፕ። ሃይድሮሊኩም በእጅ ፓምፕ ወይም በጀነሬተር የሚንቀሳቀስ ካልሆነ ብረቱን ማፍሰስ አትችልም። መብራቱ ቶሎ ላይመለስ ይችላል ከተባለ በጊዜ ወደ ደረቅ የአሸዋ ጉድጓድ ይፍሰስ። ደረቅ ያልኩትን ሁለት ጊዜ አንብቡት።

ውስጡ ከረጋ ግን መብራት ሲመለስ ሙሉ ኃይል መስጠት የለም። የረጋው ብረት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ከላይ ቆዳው ስለተዘጋ ከሥር የቀለጠው መውጫ ያጣል፣ ግድግዳውን ይገፋል። ምድጃው ወደ ማፍሰሻው ይዘንበልና በዝቅተኛ ኃይል ይሞቅ፤ የቀለጠው ከቆዳው ጠርዝ በኩል መተንፈሻ ያገኛል። ቁርጥራጩ ከላይ ተጋግዞ ሲንጠለጠልም ነገሩ ያው ነው፦ ከሥር ያለው ብረት ከልክ በላይ ይግላል፣ ላይ ያለው ሰው ግን ገና አልቀለጠም ብሎ ኃይል ይጨምራል።

በበረደ ምድጃ እንደገና ሲጀመርም ቸኩሎ የለም። የበሰለው ሲሊካ ከ200 እስከ 270 ዲግሪ ባለው መሀል እንደገና ጠባዩን ይለውጣልና ስንጥቁ እስኪዘጋ ቀስ ይባላል።

ካስተብል
ስለ ላድሉ (የቀለጠው ብረት የሚቀዳበት ባልዲ) እኔ ልጻፍ፤ ደብረ ብርሃን ላይ የሚረሱ ሁለት ነገሮች አሉና።

አንደኛው ብርዱ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። የላድል ካስተብል (እንደ ኮንክሪት ተቦክቶ የሚፈስ እሳት የሚችል ቅልቅል) ማያያዣው የካልሲየም አልሙኔት ሲሚንቶ ነው፤ የሚወደው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ያለ ሙቀት ነው። በበርሜል ያደረ የበረዶ ውኃ ከተደባለቀ አይጠነክርም፣ ቢጠነክርም ውስጡ የሚፈጠረው ሃይድሬት ሌላ ዓይነት ነው፤ አየር አያሳልፍም። በኋላ ሲሞቅ እንፋሎቱ መውጫ አጥቶ ገጹ እየፈነዳ ይረግፋል። ስለዚህ ውኃው ይሞቅ፣ ከረጢቱ ከአንድ ቀን በፊት ወደ ሞቃት ክፍል ይግባ፣ ላድሉም ከተሞላ በኋላ 24 ሰዓት በሸራ ተሸፍኖ ከ15 ዲግሪ በታች አይውረድ። ውኃው በከረጢቱ ላይ ከተጻፈው አይለፍ፤ ዝቅተኛ ሲሚንቶ ያለው ካስተብል የሚፈልገው 5 ወይም 6 በመቶ ነው፣ ለ100 ኪሎ 5 ወይም 6 ሊትር። ሲደባለቅ ደረቅ ይመስላል፤ በቫይብሬተር ሲመታ ነው የሚፈሰው። «ይፍሰስልኝ» ብሎ 2 ሊትር የጨመረ ሰው ጥንካሬውን ሰጠ።

ማድረቁም እስከ 110 ዲግሪ በሰዓት 15 ዲግሪ፤ እዚያ ለእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር ውፍረት አንድ አንድ ሰዓት መቆየት፤ ከዚያ እስከ 350 በሰዓት 25፤ እዚያም እንደዚሁ ቆይቶ በሰዓት 50 እያሉ መቀጠል። ውኃ እዚህ ከፍታ ላይ 91 ዲግሪ ሳይሞላ ስለሚፈላ እንፋሎቱ ቀደም ብሎ ይጀምራል።

ሁለተኛው ከፍታው ራሱ። ከተማው 2,800 ሜትር አካባቢ ነው፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል 70 በመቶ ግድም። የላድል ማሞቂያው የናፍታ በርነር ፋን ከባሕር ጠለል ስሌት ጋር ከተገዛ አየሩ ያንሰዋል፦ ነበልባሉ ረዝሞ ይጠቁራል፣ ላድሉ ጥቀርሻ ይለብሳል፣ 900 ዲግሪ መድረስ ያለበት 600 ላይ ይቆማል። ያንኑ ናፍታ ለማቃጠል 1.4 እጥፍ ያህል የአየር መጠን ያስፈልጋል። የቀዘቀዘ ላድል ብረቱን ያበርዳል፤ ይህን ለማካካስ ምድጃው 1,660 ይደረጋል፣ ያኔ ወደ ኮይል ጠባቂ ችግር ተመለስን።

ሚዛን ላይ
የስላጉን ነገር እኔ ልመልስ።

ለሲሚንቶ ተብሎ የሚፈለገው ስላግ የብላስት ፈርነስ (የብረት ማዕድን የሚቀልጥበት ትልቅ ምድጃ) ነው፦ ኖራና ሲሊካ አንድ ላይ፣ በውኃ ድንገት ቀዝቅዞ መስታወት የሆነ። ተፈጭቶ ከክሊንከር (ገና ካልተፈጨ ሲሚንቶ) ጋር ሲቀላቀል እሱም ያያይዛል። በአገራችን ብላስት ፈርነስ የለም። የአንተ ስላግ ሲሊካ፣ የብረት ኦክሳይድና ማንጋኒዝ ኦክሳይድ ነው፤ ኖራ የለውም ማለት ይቻላል፣ ቀስ ብሎ ነው የቀዘቀዘው። ከክሊንከር ጋር ቢፈጭ መሙያ ይሆናል እንጂ አያያይዝም። ሲሚንቶ ፋብሪካዎቻችን ደግሞ ለዚህ ሥራ ፑሚስ አላቸው፣ ለመፍጨትም ይቀላል።

ሚል ስኬል ግን ሌላ ነው። በሮሊንግ ሚሉ ሥር የሚጠራቀመው ጥቁር ቅርፊት ብረቱ 70 በመቶ ግድም ነው፣ ክሊንከር ደግሞ ብረት ለማስተካከል ጥቂት ይፈልጋል፤ ከጥሬ ዕቃው 1 ወይም 2 በመቶ። በመስከረም 2017 የተመረቀው የለሚ ሲሚንቶ ፋብሪካ ከደብረ ብርሃን ብዙ አይርቅም፤ መንገዱን አስቡት። የሚጠይቁት ሁለት ነገር ነው፦ እርጥበቱና ዘይቱ። ከሮለሩ የሚንጠባጠብ ግሪስ ያለው ስኬል እቶኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ጋዝ ይሆናል፣ የአቧራ ማጣሪያው ላይ ችግር ያመጣል። ከማጠራቀሚያ ጉድጓዱ ላይ የሚንሳፈፈው ዘይት መጀመሪያ ይቀዳ።

ለብሎኬትና ለመንገድ ሥር መሙያ የአንተ ስላግ ይሆናል። እንዲያውም አንድ መልካም ጠባይ አለው። የኮንቨርተርና የአርክ ምድጃ ስላግ ያልተዋሃደ ኖራ ስላለው ከእርጥበት ጋር ያብጣል፣ ለወራት ውጭ ካላረጀ መንገዱን ያነሳዋል። የአሲዳማው ይህ የለበትም። ግን በክሬሸር ሰብሮ በማግኔት ማሳለፍ የግድ ነው። አንደኛ፣ የሚወጣው ብረት ገንዘብ ነው። ሁለተኛ፣ የቀረ ብረት ብሎኬት ውስጥ ዝጎ ያብጣል፣ ፊቱ ላይ ቡናማ ነጥብ ያወጣል፣ ልስኑን ይገፋል።

የበሬሳ ልጅ
የአሲዳማ መሬቱስ? ገበሬው ኖራ ይፈልጋል፣ ደላላው ደግሞ «በውጭ አገር ስላግ ማዳበሪያ ነው» ይላል።

ሚዛን ላይ
ያለው ነገር እውነት ነው፣ የያዘው ስላግ ግን ያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1870ዎቹ መጨረሻ ሲድኒ ጊልክራይስት ቶማስ የሚባለው እንግሊዛዊ ኮንቨርተሩን በዶሎማይት ለብጦ ኖራ ጨመረበት፤ ፎስፈረሱ ከብረቱ ወጥቶ ስላጉ ውስጥ ገባ። ያ ስላግ ተፈጭቶ በአውሮፓ እርሻ ላይ ለብዙ ዘመን ተበተነ፤ ኖራም ፎስፈረስም ነበረውና። ያንተ አሲዳማ ነው፣ ማለትም ሲሊካ የበዛበት፣ ኖራ የሌለው፤ የመሬቱን አሲድነት አይቀንስም። ደላላው ይሸጥልህ እንደሆነ እንጂ ገበሬው አይጠቀምም። ማንጋኒዙና የቁራሌው ቅይጥ ማሳ ላይ ምን እንደሚያመጣም ሳይለካ መበተን የለበትም።

የቆርቆሮው ነገር ደግሞ ይነሳ። ዚንክ የተቀባ ቆርቆሮ ብዙ ከገባ ዚንኩ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል። ነጭ ጭሱን የተነፈሰ ሰው ማታ ትኩሳትና ብርድ ይይዘዋል። ከጭሱ የተረፈው በላይኒንጉ ቀዳዳ ሰርጎ ኮይሉ ዘንድ ይረጋል፣ የግራውንድ ሊኬጁ ጠቋሚ ይነሳል። እርሳስ ደግሞ ከባድ ነውና ወደ ወለሉ ይወርዳል፣ በቀጭን ስንጥቅ ያልፋል። ባትሪ ከቁራሌው ይለይ። የተዘጋ ሲሊንደርና ሾክ አብዞርበርም እንዲሁ፤ ሳይቀደዱ አይግቡ።

ካስተብል
አቧራውን ማንም አላነሳም። የሲሊካ ዱቄት ሳንባ ውስጥ ገብቶ አይወጣም። ሲጠቀጠቅ ብቻ አይደለም፣ ያለቀ ላይኒንግ ሲፈርስ ይብሳል፤ ክሪስቶባላይት የሆነው ከጥሬው ኳርትዝ ይከፋል። በአፍንጫ የታሰረ ሻርፕ ወይም የሕክምና ጭምብል ምንም አያደርግም፤ ፒ3 ማጣሪያ ያለው መሆን አለበት፣ ጢም ያለው ሰውም አይገጥምለትም። ፍርስራሹ ውኃ ይረጭበት፣ ግን ከምድጃው ከወጣ በኋላ እንጂ ኮይሉ አጠገብ አይደለም።

የበሬሳ ልጅ
አመሰግናለሁ ወንድሞቼ። ድንጋዩን ግን ልሞክረው። በምን ልጀምር?

ሞረትና ጅሩ
ከገደሉ ሥር የተንከባለለውን አትሰብስብ፤ ከላይ የወረደ ኖራ ድንጋይና ጂፕሰም ይቀላቀልበታል። ከራሱ ከንብርብሩ፣ የነጣውን ለብቻ፣ የቀላውን ለብቻ፣ በየሜትሩ ከፍታ 5 ኪሎ ውሰድ። አንድ ጭብጥ ፈጭተህ በጠርሙስ ውኃ በጥብጥ፤ ውኃው ከአሥር ደቂቃ በኋላም ወተት ከመሰለ ሸክላ አለው። ሌላው ላይ የባትሪ አሲድ ሳይሆን የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ አድርግ፤ ከፈላ ኖራ ነው፣ ይጣል። ሦስተኛውን 1,000 ዲግሪ አቃጥለው፤ ሮዝ ካወጣ ብረት አለው። ከዚህ ያለፈውን ብቻ አዲስ አበባ የጂኦሎጂ ተቋሙ ላብራቶሪ ለሲሊኬት ትንተና ስጥ፤ ለሁሉም አትክፈል።

ኮይል ጠባቂ
ወረቀቱ ጥሩ ከመጣም በቀጥታ ምድጃ ውስጥ አይገባም። ከታጠበው የጀማ አሸዋና ከውጭው ሻካራ ጠጠር 0.7 በመቶ ቦሪክ አሲድ አድርገህ 10 ሳ.ሜ በ10 ሳ.ሜ የሆነ ብሎክ ጠቅጥቅ፣ መሀሉ ላይ 3 ሳ.ሜ ስፋትና 4 ሳ.ሜ ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይኑረው። አጠገቡ ሙሉ በሙሉ ከውጭው ማስ የተሠራ ሌላ ብሎክ አስቀምጥ። ሁለቱም ላይ ከራስህ ምድጃ የወጣ ስላግ እኩል መዝነህ ጨምር፣ በ1,600 ዲግሪ ሦስት ሰዓት አቆይ፣ ሲበርድ መሀል ለመሀል ሰንጥቀህ ጥቁሩ ስንት ሚሊ ሜትር እንደገባ ለካ። ስላጉ የራስህ ይሁን፤ የሌላ ሰው ዝገት ለአንተ አይመሰክርም። የሁለቱን ቁጥር እዚህ ለጥፈው፣ ከዚያ ስለ ስብጥሩ እንነጋገራለን።